ፀጉራችንን ፈተን የተቀመጥንበት ሰኞ

ሹሩባ መሥራት ትቻለሁ። አሁን የምውለው እንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ባለ ችግኝ ጣቢያ ነው። ወይራና ጥድ አፈላለሁ፣ አጠጣለሁ፣ አረም እነቅላለሁ። ችግኝ አያወራም፤ እኔም ወሬ ስለማልችልበት ተስማምተናል። ሥራ የቀየርኩት ከማንም ተጣልቼ አይደለም። እናቴ ብቻዋን መዋል ሲያቅታት፣ ቤቴ አጠገብ የወር ደሞዝ ያለው ሥራ ሲገኝ፣ የታክሲውን ግፊያ ተውኩት። ይኸው ነው።

ግን እዚህ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ምሳ ላይ ሹሩባ እሠራበት የነበረውን የሲግናል ሰፈርን ነገር እየደጋገሙ ይጠይቁኛል። "እውነት ነው ሙሽራዋ በግማሽ ራስ ፖሊስ ጣቢያ የሄደችው?" ይሉኛል። አንዷ እንዲያውም ሙሽራዋ ፖሊሱን በማበጠሪያ መታችው ሲባል ሰምታለች። አልመታችውም። ወሬው እየዞረ ሌላ ነገር ከመሆኑ በፊት፣ እዚያ የነበርኩት እኔ ልጻፈው ብዬ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ቢሆንም ሰው ፊት ቆሞ ከመናገር መጻፍ ይቀለኛል።

ትምህርት ያቆምኩት እናቴ ወገቧን ስትታመም ነው። ከጫካው ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከመች ነው ያሳደገችን። እኔ ልተካት ስል "ያንቺ ጀርባ ይቅር" ብላ ወደ ከተማ ሰደደችኝ። መጀመሪያ የገባሁት መገናኛ አካባቢ ያለ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። የባለቤቱ ድምፅ ከፀጉር ማድረቂያው ይበልጥ ነበር። የወደቀ ፀጉር መጥረግና ፎጣ ማጠብ እንጂ ሌላ ነገር አላስነካኝም። ከዚያ ኮተቤ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ገባሁ። እሷ ሥራዋን ታውቃለች፤ ግን መስመር ስታወጣ እንዳናይባት በጀርባዋ ትከልለን ነበር። ከሁለቱም ቤት ይዤ የወጣሁት መቆም መቻልን ነው።

ሲግናል እትዬ ለተብርሃን ቤት የገባሁት በሩ ላይ "ሠራተኛ እንፈልጋለን" የሚል ካርቶን አይቼ ነው። ገባሁና ቆምኩ። እሷ የአንዲት ሴት ራስ ላይ አጎንብሳለች። ቀና ሳትል፣

"ለመሠራት ነው ለመሥራት?" አለችኝ።

"ለመሥራት።"

"እጅሽን አምጪው እስቲ።"

ዘረጋሁላት። ነካ አደረገችውና "ይሄ እጅ በረዶ ነው። ሂጂ ሙቅ ውኃ ነክሪውና ተመለሽ" አለችኝ። የተቀጠርኩት እንደዚህ ነው።

እትዬ ለተብርሃን ኤርትራዊት ናት። ድንበር በእግሯ ተሻግራ፣ የስደተኞች መጠለያ ቆይታ ነው አዲስ አበባ የገባችው። መጠለያ የሰጧት ወረቀት ጊዜው አልፎበታል። ላሳድስ ብላ በሄደች ቁጥር "ትንሽ ታገሺ" ትባላለች። ስለዚህ ጉዳይ ያወራችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም እየሳቀች። "እኔ ቀኑ እንዳለፈበት ወተት ነኝ" አለች። "ግን ቅመሱኝ፣ አልጎመዘዝኩም።"

ራስ ከመንካቷ በፊት እጇን ታሞቃለች። ከዚያ መዳፏን አናት ላይ ጣል አድርጋ ትንሽ ዝም ትላለች። መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቃት "የራስ ቅል ሁሉ አንድ አይደለም ጓለይ፣ ልጄ። የት እንደጎደጎደ፣ የት እንዳበጠ ካላወቅሽ መስመርሽ ይጣመማል" አለችኝ። ቁስል ያለበትን፣ ከወሊድ በኋላ የሳሳውን፣ በኬሚካል የተጎዳውን ቦታ የምታገኘው በዚያ መዳፍ ነበር። ካገኘችም ለባለፀጉሯ ጮክ ብላ አትናገርም። እዚያ ጋ እጇን ማላላት ብቻ ነው።

ሰው ሹሩባ ሲያይ ጉንጉኑን ነው የሚያየው። ሥራው ግን መስመሩ ነው። የማበጠሪያው ጭራ ከግንባር ተነስቶ እስከ ማጅራት ሳይነሳ መሄድ አለበት። መሀል ላይ ካነሱት ሁለት መስመር ሆነ ማለት ነው፤ ዓይን ባያየው እንኳ ሲጎነጎን ይታወቃል። ግንባርና ጆሮ ዳር ያለው ፀጉር ደግሞ ላላ ተደርጎ ነው የሚያዘው። "እሱ ሕፃን ነው፤ ሕፃን አይጎተትም" ትላለች። ሌላ ቤት ጠርዛቸው የተመለጠ ሴቶች እሷ ዘንድ እየመጡ መልሰው ሲያበቅሉ አይቻለሁ።

እኔን ያስተማረችኝ በሰው ራስ አይደለም። የወንበር እግር ላይ የሱፍ ክር አስራ ሰጠችኝ። ጎንጉኜ ሳሳያት በሁለት ጣቷ ከላይ እስከ ታች ትዳስሰውና "እዚህ ጋ ሐሳብሽ ሄዷል" ትለኛለች። እውነቷን ነው። እዚያ ጋ እናቴን አስቤ ነበር።

አንድ ሕግ ነበራት። የጀመረችው ራስ ሳያልቅ ስልክ አታነሳም፣ አትበላም፣ ሌላ ራስ አትነካም። ሌላ ሰው የጀመረውንም አንዳችን ገብተን አንጨርስም፤ እጅ ለእጅ ስለሚለያይ ራሱ ሁለት መልክ ይሆናል። አንዴ ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉ በውኃ ሲጥለቀለቅ፣ ሴትዮዋን ከነወንበሯ ወደ ውጭ አስወጥታ አስፋልቱ ዳር ጨረሰቻት። የቆመ ሰው ሁሉ ሲያይ ዋለ። በማግስቱ ወረፋው በሩን አለፈ።

ከኋላ፣ ማጠቢያው ጋ ሳባ ነበረች። እሷም ከኤርትራ የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ። ፀጉር ታጥባለች፣ ፎጣ ታሰጣለች፣ ሻይ ታመጣለች። ሁሉም "ሳቢዬ" ይላታል። "ሳቢዬ፣ ውኃው ፈላ!" "ሳቢዬ፣ ቅባቱን!" እንደ እኔ ዝምተኛ ስለነበረች ቃል ሳንለዋወጥ ጎን ለጎን የምንውልበት ቀን ብዙ ነው። እንዋደድ ነበር። እሷ ፎጣ ስታጥፍ እኔ ሌላውን ጫፍ እይዝላታለሁ፤ ማናችንም ሳንጠራራ።

የፍተሻው ወሬ የመጣው ከታክሲ ረዳቶች ነው። ወረቀት የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ከየቤቱና ከየሥራ ቦታው እየለቀሙ ነው ተባለ። መጀመሪያ ወዲያ ማዶ ነው ተባለ። ቀጥሎ መገናኛን ተሻገረ ተባለ።

ሰፈሬን ያወቅኩት ያኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ እኛ ዘንድ የምትሠራ ደንበኛ መስታወታችን ፊት ሰላም ሳትለን ማለፍ ጀመረች። ሌላዋ፣ ብዙም የማናውቃት፣ የጓዳ ክፍሏን ቁልፍ አምጥታ "ምናልባት" ብላ ጠረጴዛው ላይ ጥላው ሄደች። አከራያችን ጋሽ ደምሴ መጡና ሳይቀመጡ፣

"ለተብርሃን፣ እኔ አንቺን አልጠላሽም። ግን ያከራየም ይጠየቃል ተብሏል። ሌላ ቤት ፈልጊ" አሉ።

"እሺ ጋሼ።"

"ቀና ብለሽ አታዪኝም?"

"መስመር ላይ ነኝ ጋሼ።"

በንዴት ወጡ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ሙላት ደግሞ ሳይደብቅ ተደሰተ። "ጥሩ ነው፣ ይጥረጉልን! የቤት ኪራይ ያስወደደው ማነው? እኛ መታወቂያ ለማሳደስ ስንመላለስ እነሱ እንዲሁ ይኖራሉ" ይላል፣ ለገባ ለወጣው።

ይህን ሲል እማማ ጫልቱ ሰሙት። እማማ ጫልቱ በየጠዋቱ ለሰፈሩ ወተት የሚያድሉ፣ ፀጉራቸውን ከእትዬ ለተብርሃን በቀር የማያስነኩ አሮጊት ናቸው። ወተቱን መሬት አስቀመጡና፣

"አንተ ትናንት አይደል በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለህ የመጣኸው?" አሉት።

"እማማ፣ እኔ እኮ የአገሩ ሰው ነኝ።"

"እኔስ የማን ነኝ? እዚህ ሁሉ ማሳችን ነበር። መንገድ ሆነ፣ ዝም አልን። ፎቅ ሆነ፣ ዝም አልን። ሱቅህ የቆመው የባለቤቴ የጤፍ ማሳ ላይ ነው። አንድ ቀን ውጣ ብዬህ አውቃለሁ?"

ሙላት ወደ ሱቁ ገባ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

ፖሊሶቹ የመጡት ሰኞ ጠዋት ነው። ወንበሩ ላይ ሄለን ነበረች። እሁድ አግብታ ሰኞ መልሷ ነው። ለሠርጉ ፀጉሯን ለቅቃው ነበር፤ ለመልሱ ደግሞ አልባሶ ፈለገች። ወፍራሙና ቀጭኑ ጉንጉን እየተፈራረቀ ወደ ኋላ የሚወርድበት አሠራር ነው፤ እጅ የሚፈትን። የቀኝ ጎኗ አልቋል። የግራው ገና ተበትኖ ቆሟል።

ሰዎቹ በር ላይ ቆመው "መታወቂያ" አሉ። የእኔን ሰጠሁ። ሄለንም ሰጠች። እትዬ ለተብርሃን ያቺን ወረቀት አወጣች።

"ይሄ ጊዜው አልፏል" አለ አንደኛው።

"አውቃለሁ።"

"በይ ነይ።"

"እሺ፣ ይቺን ልጨርስና።"

ሳቀ። "ምን?"

"የጀመርኩት ራስ አለ።"

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ማበጠሪያውን ከእጇ ቀስ ብሎ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ክንዷን ግን ያዘ። ሳባን ከማጠቢያው ጋ እጇ አረፋ እንደሆነ አወጧት። ወረቀት ስትጠየቅ መሬት መሬት ነው ያየችው።

"እንዴ! እኔስ?" ሄለን ብድግ አለች። "ዛሬ እኮ መልሴ ነው!"

"ሠሪ ሞልቷል" አላት ሰውየው። መኪናው ሄደ።

ሄለን መስታወቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "የሺዬ፣ አንቺ ትጨርሺልኛለሽ አይደል?"

እችል ነበር። ማበጠሪያውን አነሳሁት። ጭራው ገና የእሷን እጅ ሙቀት እንደያዘ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። ራሴን ነቀነቅኩ። ሄለን መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር። ቀጥሎ ገባት።

"የጀመረችው ራስ፣ አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው እሷ ትጨርሰው። እንሂድ" ብላ ነጠላዋን ሳትከናነብ ትከሻዋ ላይ ጣለች። እኔ ማበጠሪያውን፣ ቅባቱንና ክሩን በዘንቢል ይዤ ተከተልኳት። መንገድ ላይ እማማ ጫልቱ አዩን፤ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ወተታቸውን አንዱ በር ላይ አስቀምጠው መጡ። ወረፋ ይዘው የነበሩ ሌሎች ሴቶችም መጡ። ጣቢያው በር ስንደርስ ዘበኛው ከለከለን።

"ምንድነው፣ ሰልፍ ነው? ፈቃድ አላችሁ?"

"የምን ሰልፍ? ፀጉሬን ልሠራ ነው የመጣሁት" አለች ሄለን።

"እህቴ፣ ይሄ ጣቢያ ነው እንጂ ፀጉር ቤት አይደለም።"

"ሠሪዬ ያለችው እዚህ ነዋ!"

ዘበኛው ሳቁን ዋጠ። "ማን ነው ጉዳዩን የሚያስረዳ? ከቤቱ ሠራተኛ አለች?" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ዘበኛው "እሺ?" አለኝ፤ ከኋላ አንዷ "ተናገሪ እንጂ!" አለች። በቃ አልወጣም። ያን ጊዜ እጄ ወደ ራሴ ሄደ። ሻሼን አወለቅኩና የራሴን ሹሩባ መፍታት ጀመርኩ። ከማጅራት፣ አንድ በአንድ። በትኜው በሩ ፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በአገራችን ሴት ፀጉሯን ፈታ፣ በትና ደጅ የምትቀመጠው ሰው ሲሞትባት ነው። እማማ ጫልቱ ትንሽ አዩኝና "ኢንተላ ኮ" ብለው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ አጠገቤ ቁጭ አሉ። ሽበታቸውን ፈቱት። ከዚያ ሌሎቹ። ማንም ማንንም አላዘዘም። አንዷ የሌላዋን ክር በጥርሷ ስትበጥስላት አይቻለሁ።

አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁና "ነፍስ ይማር። ማን ሞተ ልጆቼ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም። ሰው ወስደውብን ነው" አሏቸው እማማ ጫልቱ።

"ወዴት?"

"እዚሁ፣ ከግንቡ ጀርባ።"

ሽማግሌው አልሄዱም። ታክሲዎች ሲደርሱ ይቀዘቅዛሉ፤ ሰው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ማን ሞተ?" ይላል፤ እኛ እንመልሳለን። ከየቤቱ ሴቶች መጡ። የመጣው ሁሉ ግን ደጋፊ አልነበረም። "ለሌላ አገር ሰው ብለው አገር ይበጠብጣሉ" ያለ አለ። "ሥራ ፈቶች!" ብሎ የተሳደበ አለ። በስልክ እየቀረጹ የሳቁ ጎረምሶች ነበሩ። ሄለን "ከግራ በኩል አንሳኝ፣ ያልተሠራው እንዲታይ!" ስትላቸው ስልካቸውን አወረዱ።

የሙላት ሚስት ወይንሸትም ፀጉሯን ፈታ መጣች። ሙላት ከማዶ ቆሞ ይጮኻል።

"ወይንሸት! ነይ ሱቁን ጠብቂ!"

"ፀጉሬ አልተሠራም፤ እንዴት ብዬ ሱቅ እቆማለሁ?"

"ልትሠሪ አልነበር እንዴ የሄድሽው!"

"ሠሪዋን ይጥረጓት ያልከው አንተ አይደለህ? እንግዲህ እንዲህ እያየኸኝ ኑር!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ መሰለኝ፤ ሩቅ ስለነበር አላረጋግጥም።

ከሰዓት ገደማ አበባ የተደረገበት መኪና ጥሩንባውን እያስጮኸ መጣ። የሄለን ባል ሱፉን እንደለበሰ ወረደ። "ሄሉ! አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው እኮ! እናቴ ልትታመም ነው!"

"በግማሽ ራስ ልግባ?"

"ሌላ ቤት እንሂዳ!"

"አልሄድም። ካስፈለገህ ያለቀውን ጎን ይዘህ ሂድ።"

ባልየው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ለእናቱ ስልክ ደወለ።

በመጨረሻ ኃላፊው ወጣ። የደከመው ሰው ነው። "ጣቢያውን ለቅሶ ቤት አደረጋችሁት እኮ! ፀጉራችሁን ተሠሩና ወደየቤታችሁ ግቡ!" አለ።

"ማን ይሥራን?" አልን። በአንድ ድምፅ ነው የወጣው፤ የእኔም ድምፅ ከውስጡ ነበር።

ኃላፊው ሙሽራዋን አየ፣ ባለ አበባውን መኪና አየ። "የሙሽራዋን ብቻ ትጨርስና ይበቃል" አለ። "ከዚያ ወረቀት የሌለው ሁሉ በተዘጋጀው አውቶቡስ ይሄዳል። ዋስ ያለው ካለ ዋሱ ይቅረብ።"

ዘንቢሉን ይዤ ከሄለን ጋር ገባሁ። ከግንቡ ጀርባ ያለ ግቢ ነው። እትዬ ለተብርሃንን ወንበር አምጥተው ሰጧት። እጇን የምታሞቅበት ውኃ ስላልነበረ መዳፎቿን ብብቷ ሥር አድርጋ ቆየች። ከዚያ የሄለን አናት ላይ ጣል አደረገች። "አጆኺ" አለቻት ሙሽራዋን፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። የታሰረችው ራሷ ሆና።

እንዲያ ቀስ ብላ ስትሠራ አይቻት አላውቅም። መስመር ታወጣለች፣ ታያለች፣ "ተጣሟል" ብላ ታፈርሳለች። አልተጣመመም ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ ሄለንም አንገቷን ሳታንቀሳቅስ በዓይኗ ብቻ ጠቀሰችኝ። ጠባቂው መጣ።

"አውቶቡሱ ሊወጣ ነው፤ ተነሽ።"

"የጀመርኩት ራስ ነው።"

"አውቶቡሱ አይጠብቅሽም።"

"እኔም አልጠብቀውም።"

"ማን ይነካታል!" ብላ ሄለን ጮኸች። ጠባቂው ራሱን አከከና "እሺ፣ የሚቀጥለው ይወስዳታል" ብሎ ሄደ። እትዬ ለተብርሃን እጆቿ ከፀጉሩ ሳይለቁ "የሺ፣ ዋስ ተገኝቶ እንደሆነ ውጭ ያሉትን እያቸው" አለችኝ።

በሩ ጋ ስደርስ ጋሽ ደምሴ እየተሟገቱ ነው። ቤት ፈልጊ ያሏት ሰውዬ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው። "ለለተብርሃን እኔ ዋስ ነኝ! ቤቴም ይታወቃል፣ እኔም እታወቃለሁ!" ይላሉ። ኃላፊው ተቀበላቸው። እኛ እልል ልንል ስንል የጎኑ በር ተከፈተና አውቶቡሱ አፍንጫውን አወጣ። መስኮቱ ጋ ሳባ ተቀምጣለች።

"ልጅቷስ! ልጅቷም የኛ ናት!" አሉ እማማ ጫልቱ።

"ለእሷም ዋስ ነኝ!" አሉ ጋሽ ደምሴ።

ኃላፊው እጁን አንስቶ ሹፌሩን አስቆመው። ይህን ልመሰክርለት ይገባል። "ዋስ የሚሆን ሰው የሚዋስላትን ያውቃል። ማን ትባላለች?" አለ።

"ሳባ!"

"ሳባ ማን?"

ጋሽ ደምሴ ወደ እማማ ጫልቱ ዞሩ። እማማ ጫልቱ ወደ ወይንሸት። ወይንሸት ወደ እኔ። እጇ ስንት ጊዜ ራሳችን ላይ ውሏል! ስንት ሻይ አምጥታልናለች! "ሳቢ ናት እኮ፣ ሳቢዬ..." አሉ እማማ ጫልቱ፣ ድምፃቸው እያነሰ። እኔ ከጎኗ ቆሜ ስውል የአባቷን ስም ጠይቄያት አላውቅም።

ሮጬ ተመለስኩ። ግቢው በር ላይ ያለው ጠባቂ አስቆመኝ፤ በክንዱ ሥር ሆኜ፣ በሕይወቴ ጮኼ በማላውቀው ድምፅ፣ "እትዬ! የሳባ አባት ማነው?" አልኩ።

"ገብረመድኅን!" አለች። እጆቿ ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራስ መሀል ላይ እጆቿ ሲቆሙ አየሁ።

ወደ በሩ ስመለስ አውቶቡሱ መንገዱን ታጥፏል። ኃላፊው "ጠበቅኩ" አለኝ። ከሙሽራው ጋር ከመጡት ሚዜዎች አንዱ በባለ አበባው መኪና ተከተለው፤ ቀለበት መንገዱ ላይ ጠፋበት።

እትዬ ለተብርሃንን የለቀቋት ሲመሻሽ ነው። ሄለን ሙሉ አልባሶዋን ይዛ ወደ መልሷ ሄዳለች። የቀሩት ሴቶች እልልታውን ለቀቁት። እትዬ ለተብርሃን እጇን አነሳች።

"ሳባስ?"

እልልታው ተቆረጠ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ቤት ስደርስ እትዬ ለተብርሃን ቀድማኝ ገብታለች። መስታወቱ ፊት ተቀምጣ የራሷን ፀጉር እየፈታች ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ፀጉሯ ተፈትቶ አይቼው አላውቅም።

"እትዬ፣ ትናንት እኮ ነው የለቀቁሽ። መልሰው ይይዙሻል።"

"ይያዙኛ።"

"ጋሽ ደምሴ ዋስ ሆነው..."

"ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። ከዘራቸውን ይዘው እየመጡ ነው።"

ያን ቀን ጣቢያው በር ላይ መጀመሪያ የተቀመጠችው እሷ ናት። ኃላፊው ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። "አንቺን ለቅቄሻለሁ እኮ! ምን ቀረሽ?"

"ሳባ ገብረመድኅን ቀረችኝ።"

"እዚህ የለችም።"

"የት እንዳለች ይነገረኝ።"

አልነገራትም። ያወቀም አይመስለኝም። ሳምንቱን ሙሉ ተቀመጥን። ቀን በቀን ቁጥራችን እያነሰ ሄደ፤ ሰው ኑሮ አለው። መጨረሻ ላይ የቀረነው እሷ፣ እማማ ጫልቱ፣ ጋሽ ደምሴና እኔ ነበርን። ግን በዚያ ሳምንት የሚያልፍ ሰው "ማን ሞተ?" ሲል የምንመልሰው ሙሉ ስም ነበረን። ሳባ ገብረመድኅን። የሃያ ዓመት ልጅ። ሲግናል ፀጉር የምታጥብ። ይህን ስል ድምፄ አይጠፋም ነበር።

ሳባን ወደ ድንበር እንደወሰዷት ሰማን። ከዚያ ወዲያ ስልኳ አይጠራም። አላስመለስናትም። ሰዎች የሲግናሉን ነገር እንደ ድል ሲያወሩት ይህን ስለሚተዉት ነው የጻፍኩት።

እትዬ ለተብርሃን ዛሬም ሲግናል ናት። ወረቀቷ ዛሬም "ትንሽ ታገሺ" ላይ ነው። ፍተሻውም ይሄዳል፣ ይመጣል። ጋሽ ደምሴ ቤት ፈልጊ የሚለውን ነገር ተናግረውት እንደማያውቁ ሆነዋል፤ እኛም አናነሳባቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ፀጉሬን ልሠራ ሄጄ ነበር። ማጠቢያው ጋ አዲስ ልጅ አለች። ቀጭን፣ ዓይኗን ከወለሉ የማታነሳ። እማማ ጫልቱ ሽበታቸውን ሊታጠቡ ቁጭ አሉና አንገታቸውን ሳይሰጧት፣

"ስምሽ ማነው?" አሏት።

"ፍሬወይኒ።"

"ፍሬወይኒ ማን?"

ልጅቷ ደነገጠች። የአባት ስም የሚጠይቀው ፖሊስ እንደሆነ ነው የምታውቀው። በሩን አየች። ውኃው ከእጇ ላይ ይንጠባጠባል። እትዬ ለተብርሃን የሰው ራስ ላይ ስለነበረች ቀና አላለችም። እኔ ተነሳሁና አጠገቧ ሄድኩ።

"አትፍሪ" አልኳት። "እነሱ የሚጠይቁሽ ሊወስዱሽ ነው። እኛ የምንጠይቅሽ ልናስመልስሽ ነው።"

እጇን በፎጣ ጠረገች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ "ፍሬወይኒ ተስፋጋብር" አለች።

"አልሰማሁም" አሉ እማማ ጫልቱ።

"ፍሬወይኒ ተስፋጋብር!"

"ፍሬወይኒ ተስፋጋብር" አሉ እማማ ጫልቱ ደግመው። ማድረቂያው ሥር የነበረችው ወይንሸት ማሽኑን አጥፍታ ደገመችው። ወረፋ የያዙት ሁለት ሴቶች ደገሙት። እኔም አልኩት። እማማ ጫልቱ ያን ጊዜ ነው አንገታቸውን ወደ ማጠቢያው ያዘነበሉት።